አረንጓዴው ላይ የቆመችው መርፌ

ለውድ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የካሪን ቤት ደረጃው ብዙ ነው ብለሽኝ ነበርና እየወጣሽ እየወረድሽ እንዳታባብሺው። ካሪን ከወለደች ወዲህ ምግብ ይበላላታል? ሕፃኑስ ሌሊት መተኛት ጀመረ ወይስ አሁንም አያቱን ያሯሩጣል? እኔ ደህና ነኝ። ድመትሽ ጠግባለች። ቲማቲምሽን አጠጣለሁ፤ በረዶም አልመታውም። ሞንታና ውስጥ በዚህ ወር ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለም።

አሁን ወደ ባልሽ ልምጣ። ነገሩን እስከ ዛሬ የሰማሽው ከሱ አፍ ብቻ ነው፤ አንዴ ደግሞ ከኔ ስሚው።

ዴልበርት ሠላሳ ዓመት ምንጣፍ ሸጦ ጡረታ ሲወጣ አውሮፕላን እሠራለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ነው። ስድስት ዓመት ፈጀበት እንጂ ሠራው። ሞተሩን ከተጋጨ የስፖርት መኪና ላይ አወጣው፤ ፒስተን የሌለው፣ ሆዱ ውስጥ ባለሦስት ማዕዘን ብረት የሚሽከረከርበት ሞተር። ትንሽ ነው፣ ብርቱ ነው፣ እንደ ምድጃ ይግላል። ሌላ ሰው ቢሆን መብረሩ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ተራራው ላይ አየሩ ሲሳሳ ይደክምብኛል ብሎ ባለፈው የበረዶ ወራት ቱርቦ ልግጠምበት አለ። ቱርቦው ከማርሚታው በሚወጣው ጭስ እየተሽከረከረ ሞተሩን አየር ይግተዋል። ጉልበት ይጨምራል፤ ሙቀትም ይጨምራል። የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛውን አልሰማም።

ሲነግሩት ደግሞ፣ ማቀዝቀዝ ማለት ቀዳዳ ማስፋት መሰለውና የአውሮፕላኑን አፍንጫ በመጋዝ ቆርጦ ከፈተው። አጠገባችን ባለው የአውሮፕላን ማቆሚያ ሃንጋር የሚውለው ሽማግሌው ሃልቮር አይቶት፣ ዴልበርት፣ ይሄ አፍንጫ ነው ወይስ የላም በረት? አለው። እኔ ግን አልቀለድኩም። የገባው አየር መውጫ አጥቶ ቆሞብሃል፤ ከሥር መውጫውን ክፈትለት፤ የዘይቱንም ራዲያተር አሳድገው፣ የዚህ ሞተር ሙቀት ሢሶው የሚወጣው በዘይቱ ነው አልኩት። የአየሩን ግፊት የሚለካ፣ ውሃ የያዘ ቀጭን ቱቦ ከራዲያተሩ ፊትና ኋላ ሰካሁለት፤ ራሱ በርሮ ራሱ አነበበው። ፊትና ኋላው ከሞላ ጎደል እኩል ነው። አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ አያልፍም ማለት ነው።

በማግስቱ፣ አብራሪዎቹ በየቅዳሜው በሚሰበሰቡበት ቁርስ ላይ፣ ሃያ ሰው ፓንኬኩን እየበላ ሳለ፣ ዴልበርት፣ አማቼ አርባ ዓመት ትራክተር ጠግኖ ዛሬ ስለ ሰማይ ያስተምረኛል! ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ሁሉም ሳቀ። ሃልቮር ራሱ ቡናው ትን እስኪለው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ።

በመጋቢት ቱርቦውን ገጠመ። ቱርቦው የውሃውን ቧንቧ ቦታ ስለያዘበት ቧንቧውን በላይ በኩል አዞረው፤ የሙቀት መለኪያዋንም ነቅሎ እዚያ ላይ ተከላት። ይኸውልሽ፣ ቀይ ላይ ትንቀጠቀጥ የነበረችው መርፌ አረንጓዴው ላይ ቁጭ አለች። ባልሽ ሊያብድ ደረሰ። እንደሱ ባለ ሞተር የሚሠሩ ሰዎች በኢንተርኔት የሚጻጻፉበት ማኅበር አለ፤ እዚያ ላይ ሥዕል አስደግፎ፣ የማቀዝቀዝ ችግር ተፈታ ብሎ ጻፈ። ሁለት መቶ ሰው እንኳን ደስ አለህ አለው። ኒውዚላንድ ያለ አንዱማ የራሱን ቧንቧ ልክ እንደሱ አዞረ። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲደረግ ሕጉ ሰው ሳይጭኑ ብቻን አምስት ሰዓት መብረር ነው። በረረ፤ መዝገቡ ላይ ፈረመ። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።

በፋሲካ ማግስት ና እይልኝ ብሎ ጠራኝ። ገና ማረፉ ነበር። ጎንበስ ስል ከሆዱ ሥር ነጭ ጭረት አየሁ፤ በጣቴ ጠርጌ አሸተትኩት። የራዲያተር ውሃ ነው፤ ጣፋጭ ሽታውን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። እሱ ከነሃልቮር ጋር ሲያወራ በኮፈኑ ቀዳዳ ባትሪ አብርቼ አየሁ። መለኪያዋን የተከላት ከቧንቧው ሁሉ ከፍ ባለው ጉብታ ላይ ነው። ውሃው ፈልቶ ሲጎድል መጀመሪያ የሚደርቀው እዚያ ነው፤ ውሃ ያልነካት መለኪያ ደግሞ ስለ ውሃው ምንም አታውቅም። ሞተሩ ሲቃጠልም አረንጓዴ ትላለች። ትራክተር ጠጋኝ በአንድ ደቂቃ ያየውን ሁለት መቶ አዋቂ አላየውም።

ዴልበርት መጥቶ መርፌዋን በጣቱ እያሳየኝ፣ አታምርም? አለኝ። ታምራለች አልኩት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከየአገሩ አርባ አውሮፕላን እዚህ ሜዳችን ላይ ይሰበሰባል። የሱ ሃንጋር ፊት ሰው ክብ ሠርቶ እንደሚቆም፣ እሱም ቀይ ኮፍያውን አድርጎ እንደሚያስረዳ አውቃለሁ። የምጠይቀውን ጥያቄ እንኳ መርጬ ነበር። አጭር ጥያቄ ናት፤ መለኪያዋን ውሃ ይነካታል ወይ?

በግንቦት ሐይቁን ሊያሳይሽ ወሰደሽ። እንዳረፋችሁ ደወልሽልኝ፤ የቤታችን ጣራ የክብሪት ሳጥን አክላ ታየችኝ ብለሽ እንደ ሕፃን ስትስቂ ነበር። ጎሽ አልኩሽ። ስልኩን ዘግቼ ሳህን አጠብኩ። ያጠብኩትን ደግሜ አጠብኩ።

ባለፈው ሰኞ ዴልበርት መንገድ ላይ አቁሞኝ፣ ቅዳሜ በርሬ እሄድና እሷን ይዣት እመጣለሁ አለኝ። ቃሪያ ሊገዛ ገበያ የሚሄድ ይመስል ቀለል አድርጎ ነው የነገረኝ። የሁለት ሰዓት ተኩል በረራ፣ ከተራራው በላይ፣ ከታች ድንጋይና ጥድ ብቻ። ሞተር ቢቆም የሚታረፍበት አንድ መዳፍ የምታህል ሜዳ የለም።

ረቡዕ ጠዋት ሃንጋሩ ሄድኩ። የሕፃኑን ስጦታ ከመቀመጫው ኋላ እያሰረ ያፏጫል። ጭራዋን እሰርና አስነሣት አልኩት። ምነው፣ ትራክተር መሰለችህ እንዴ? አለኝ። አስነሣት አልኩት ደግሜ። ሃያ ደቂቃ አስጮህናት። መርፌዋ አረንጓዴ ላይ ናት። ውረድ ብዬ ጠራሁትና እያየኝ ራዲያተሩ ላይ እንትፍ አልኩበት። ምራቄ ጭስስ ብሎ ጠፋ። ሳቁን አቆመ። ሞተሩ ሲበርድ መለኪያዋን ፈትቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ደረቅ ነበረች፤ ጫፏ ላይ የውሃ ምልክት እንኳ የለም።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ይጮሃል፣ ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልሱም አፌ ላይ ነበር። እሱ ግን፣ መቼ ነው ያወቅከው? ብቻ አለኝ።

ትናንት ማታ አስቤ አስቤ ገባኝ አልኩት።

እጄን ጨበጠኝ። አልለቀቀኝም። አንቺን አንዴ ይዞሽ እንደበረረ አስታውሶ መሰለኝ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

ከዚያ ያደረገውን ስሚ። እዚያው ሁለት መቶው ሰው የሚያነበው ቦታ ላይ፣ የለጠፍኩት ሁሉ ውሸት ነው፣ ቧንቧችሁን እንደኔ ያዞራችሁ እንዳትነሡ፣ ያገኘው የሚስቴ ወንድም ነው፣ ትራክተር ይጠግናል ብሎ ጻፈ። የሠራውን ጅልነት ትንሽ እንኳ ሸፈን ማድረግ የማያውቅ ሰው! የኒውዚላንዱ ሰውዬ ሕይወቴን አተረፍክልኝ ብሎ በስሜ ጻፈልኝ። ባልሽ አትሞ አመጣልኝ። ገበታዬ ላይ አለ፤ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ።

ስለዚህ ነው ቅዳሜ በርሮ ያልመጣልሽ፤ በጭነት መኪናው እሑድ ይደርሳል ብዬ አስባለሁ። በየመንገዱ ኬክ ስለሚበላ ከዚያም ዘግይቶብሽ ከሆነ አትቀየሚው። ሞተሩን ከሐምሌ በኋላ አብረን እንፈታዋለን ብሎኛል። ቀኖቹን አንቺ ከኔ ይልቅ ታስታውሻቸዋለሽ፤ ፋሲካ መቼ እንደዋለ፣ ሐይቁን መቼ እንዳየሽ። ለሱ መንገሩንም አለመንገሩንም ላንቺ ትቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ራሱ ነው። አሽጌ እሰጠዋለሁ፤ ደረት ኪሱ ከትቶት መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ያድራል። አይከፍተውም። እኔ ብሆን እከፍተው ነበር።

ካሪንን ሳሚልኝ። ሕፃኑን እግዚአብሔር በጤና ያሳድገው፤ ለጉልበትሽም ምሕረቱን ይላክልሽ። ለመንገዳችሁ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ፤ ቀስ ብሎ ይንዳ።

ታላቅ ወንድምሽ