ወተት የሚጠጣ ሰው

ቢፍቱ፣

ስትመለሺ አልጋዬን ብታጪው ሌባ ገብቶ አይደለም። ቡቲዬ ሰፈር ቤት አግኝቼ ወጥቻለሁ። ቁልፉ እንደ ድሮው ቢጫው ጀሪካን ስር ነው።

ውሃ መጥቶ ስለነበር ሁሉንም ሞልቻለሁ። ድመቷ በልታለች፤ አልበላሁም ብላ ብትጮህ አትመኛት።

የጾም ድስቴን ወስጃለሁ። በሁዳዴ መሀል ሽሮዬ ውስጥ ቅቤ የጨመረ ሰው ድስቱን የሚፈልገው አይመስለኝም። "ከስተሽ አሳዘንሽኝ" ብለሻል፣ ሰምቻለሁ።
እኔ የመለስኩልሽን እዚህ አልደግመውም። ለወረቀትም አይሆን።

ቤቱ ደህና ነው፣ ግቢው ግን የራሱ ሕግ አለው። በረንዳው የፍየሎች ስለሆነ ተከራይ የሚገባው በጓሮ በር ነው። አከራይዋ አዴ ጃለቱ በየማለዳው ለተከራይ አንድ ኩባያ ወተት ያመጣሉ፤ ተጠጥቶ እስኪያልቅም ቆመው ይጠብቃሉ። ትናንት ቤቱን ሳይ ጾም ላይ ነኝ አልኳቸው። "እኔ ግቢ ገብቶ ወተቴን እምቢ ያለ ሰው የለም" አሉና ቁልፉን መልሰው ያዙት።

ጨነቀኝና ሁለት ነን አልኩ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ወተት ነፍሷ ነው አልኩ።
ወዲያው ፍየሎቹን ከሁለተኛው ክፍል አስወጥተው መጥረግ ጀመሩ። ፍየሎቹ እስካሁን በክፉ ዓይን ያዩኛል።

ለቦዳ ቦዳው ሞተረኛ "አዴ ጃለቱ ጋ" በይው፣ ሁሉም ያውቃቸዋል። ነገ ማለዳ ወተቱ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ አልጠጣም።

የተረፈውን ቅቤ ይዘሽው ነይ። ለፋሲካ ይሆነናል።

ትርሲት