ትርጉም ያለውን እንቁላል ለከለከሉት ሊቀ መንበር

ይድረስ ለሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ክቡር ሊቀ መንበር፣ ለምድር ቤቱ አዳራሽ ቁልፍ ብቸኛ ያዥ፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳው የዘወትር ደራሲ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅተምዎና ከወገብዎ ከማይለየው የቁልፍ ዘለላዎ ጋር በሙሉ ደኅንነት እንዲገኙ ልባዊ ምኞቴን እገልጻለሁ። እኛ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪዎች ደኅና ነን። አሳንሰሩ ከቆመ ወዲህ ጉልበታችን በጣም ስለጠነከረ ለዚህም ምስጋናችን ይድረስዎት።

ይህን ደብዳቤ በበርዎ ሥር ማሾለክ ስችል በደረጃው ግድግዳ ላይ በይፋ የለጠፍኩት ድፍረት ቢጤ ይዞኝ አይደለም። እርስዎ ራስዎ በአንዲት ጎረቤት እንቁላል ላይ ያለዎትን ቅሬታ ለሕንፃው ሁሉ በማስታወቂያ በማካፈል መልካሙን ልማድ ስላስጀመሩን ነው። ደቀ መዝሙርዎ ነኝ።

ነገሩን ላልሰሙት፣ በተለይም ሰው እንቁላል በሳህን ደብቆ ደረጃ ሲወጣ እያዩ ግራ ለተጋቡት ለአዲሶቹ ተከራዮች፣ ከመነሻው ላስረዳ። ሕንፃው በሙሉ እትዬ እያለ የሚጠራት ታላቅ እህቴ ባለቤቷ ካረፈ ወዲህ ከቤት መውጣት ትታ ነበር። ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚተላለፈውን ያንን የጥንት ቤተ መንግሥት ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል አንሥተው አብረው ይከታተሉት ስለነበር፣ ከባዶው ወንበር አጠገብ ተቀምጣ ብቻዋን ማየት አልሆነላትም፤ ቴሌቪዥኑን አስነሥታ ለአዳራሹ ሰጠችው። ልብስ ሰፊያችን እዚያው ወንበር ደርድራ ጎረቤቱን ሰበሰበች። እትዬ ግን እንኳን ልትወርድ የድራማው ሙዚቃ በደረጃው ሲሰማ በሯን ትዘጋ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ መጥታ፣ "ወይ ትወርጃለሽ፣ ወይ ቴሌቪዥኑን ተሸክሜ እመልስልሻለሁ፤ ወገቤ ቢቆረጥ ዕዳው ያንቺ ነው" ስትላት፣ እትዬ "ባዶ እጄን አልወርድም" አለች። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው እንቁላል ብቻ ነበር።

እንቁላሉን ቀቅላ፣ ልጣ፣ ለሁለት ከፍላ፣ አስኳሉን በማዮኔዝና በሰናፍጭ አሽታ መልሳ ሞላችው። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚሠራው ነው። እሷ ግን ትሪው ላይ ስትደረድራቸው አንዱን ትክ ብላ አየችውና፣ "ይሄ የጦር አዛዡን አይመስልም?" አለችኝ። ከባሏ ቀብር ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መንግሥት ሆነ። የጦር አዛዡ ቁንዶ በርበሬና ሰናፍጭ በዝቶበት፣ የሽንኩርት ቅጠል ጎራዴ ታጥቆ ይቀርባል፤ የቀረበው ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ በድራማውም ሥራው ይኸው ነው። ከአባቷ ተደብቃ ያገባችው ልዕልት በሎሚ ለስልሳ፣ ከሆዷ ውስጥ አንዲት የወይራ ፍሬ ሸሽጋለች፤ ምሥጢሯን የሚያውቀው የነከሳት ብቻ ነው። አልጋውን የሚመኘው አጎትየው ላዩ ማር የተቀባ፣ ሥሩ ቃሪያ የተቀበረበት ነው፤ የሁለተኛ ፎቋ ነርስ ደጋግማ ተታልላበታለች፣ አሁንም ታምነዋለች። ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ታሞ ስለሚተኛ እስካሁን ፊቱን ያየ ተመልካች የለም፤ እትዬም በጥቅል ጎመን ቅጠል ሸፍና ትሪው ጥግ ላይ ታስተኛዋለች። ደግሞም የቤተ መንግሥቱ ቁልፍ ጠባቂ አለ፤ በሩ ሁሉ በእጁ የሆነ፣ ከላይ ለመጣ የሚያጎነብስ፣ ከታች ለመጣ ቁልፉ የሚጠፋበት። እሱን እንዴት አድርጋ እንደምትሠራው ለጊዜው ልለፈው።

እርስዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ድራማውን አይከታተሉም። የሚመጡት ወንበር ሊቆጥሩና መብራት ሊያጠፉ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህም እናከብርዎታለን። ነገሩ በተነሣበት ቅዳሜ ግን ትሪው ከፊትዎ ሲደርስ ትልቁን፣ አስኳሉ እንደ ተራራ የተቆለለውን አነሡና፣ "ንጉሡ ይሄ መሆን አለበት" ብለው በአንድ ጉርሻ ዋጡት፤ ጣትዎንም ላሱ። ማንም አላረመዎትም። ለሁለተኛው እጅዎን ሲሰዱ ከአንድ ሐምራዊ እንቁላል ላይ ቆሙ። በላዩ የተሰካውን የካሮት ቅርጽ አዩ። የወገብዎን ቁልፎች አዩ። መልሰው እንቁላሉን አዩ። "ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?" አሉ።

በእውነት እነግርዎታለሁ፣ ከዚያች ቅጽበት በፊት በአዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ግን ያላሰበ አልተረፈም። ሳቁ የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ አቤቱታዬን ተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ይመለከታል። "ቅርጽ፣ ጌጥ ወይም ትርጉም ያለው እንቁላል ወደ አዳራሹ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው" ይላል። ሕጉን ለማክበር ካለን ጉጉት የተነሣ ቅርጽ የሌለው እንቁላል ፍለጋ ወጥተን ያገኘነው ደረጃው ላይ የወደቀውን ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ይዞ ለመግባት አልተመቸንም። ትርጉም የሌለውን በተመለከተ ጡረተኛው ሹፌር ጨው እንኳ ያልነካው ቅቅል ይዞ በሩ ላይ ቢደርስ፣ እርስዎ ከላይ እስከ ታች አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ "ይሄ ደግሞ ምን ለማለት ነው?" ብለው መልሰውታል። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ እንዲህ ተፈትሾ እንደማያውቅ ይናገራል። ባዶ እንቁላል እንኳ በእጅዎ ሲገባ ንግግር ማድረግ እንደሚጀምር ስላሳዩን እናመሰግናለን፤ እኛ ይህን ያህል አልደከምንበትም ነበር።

ያ ካሮት፣ ክቡር ሆይ፣ ቁልፍ አይደለም። ማበጠሪያ ነው። ሐምራዊው እንቁላል የንጉሡ እናት ናቸው፤ አስኳላቸው በቀይ ሥር የተለወሰው ካባቸው ሐምራዊ ስለሆነ ነው፤ ማበጠሪያው ደግሞ ከሟቹ ባላቸው የተሰጣቸውና ከጠጉራቸው የማይለዩት ነው። ድራማውን አንድ ቀን ተቀምጠው ቢያዩት ኖሮ ያውቁት ነበር። እትዬ ያንን ካሮት በትንሽ ቢላ የቀረጸችው ግማሽ ቀን ፈጅታ፣ ጥርሱ እየተሰበረባት እንደገና እየጀመረች ነው። ከአንዲት አሮጊት ንግሥት ማበጠሪያ ውስጥ ራስዎን ፈልጎ ማግኘት የእርስዎ ተሰጥዖ ነው፤ እኛ የምስጋናው ተካፋዮች አይደለንም።

ሁለተኛ፤ ሳቁን እንዲያጣራ ስለተቋቋመው ኮሚቴ ነው። ይኸውም እርስዎ፣ የባለቤትዎ ወንድምና ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚተኙት አባል መሆናችሁ ነው። የኮሚቴው ጥያቄ "መጀመሪያ የሳቀው ማን ነው?" የሚል ነበር። ልብስ ሰፊዋ መርፌ ወግቷት እንደሆነ አስረዳች። "መርፌ የወጋው ሰው ይሥቃል እንዴ?" ቢባል፣ "እንደ መርፌው ነው፣ ጋሼ" ብላለች። ጡረተኛው ሹፌር ደግሞ እሱ እንዳልሳቀ፣ የተተከለለት ጥርስ ሊወልቅ ሲል አፉን እንደያዘ፣ ይኸው ነገር ሌሎቹንም ሳያጠቃቸው እንዳልቀረ ገልጿል። ነርሷ፣ ሳቅ ሲታፈን ለደም ግፊት እንደማይበጅ የሙያ አስተያየቷን ሰጥታለች፤ ቃለ ጉባኤው ውስጥ ግን አልተካተተም።

ለማስረጃነት የተያዘው እንቁላል ጉዳይም አለ። በጥንቃቄ በሳህን ተሸፍኖ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መጥፋቱን ሰምተን አዘንን። የትኛው እንደነበር ያወቅነው እኚያ እንቅልፋሙ አባል ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ውኃ ፍለጋ በየበሩ ሲያንኳኩ ነው። አጎትየው ነበር። እኛም ሰጠናቸው፤ ክፉ ሰዎች አይደለንም።

ሦስተኛ፤ በዚህ ሳምንት የወጣውን ሁለተኛ ማስታወቂያ ይመለከታል። አዳራሹ ለጥገና ሲባል በመጪው ቅዳሜ ምሽት ተዘግቶ እንደሚያመሽ ይገልጻል። ጥገና መጀመሩ እጅግ አስደስቶናል። ቧንቧው ከሚያንጠባጥብበት፣ አሳንሰሩ ከቆመበት፣ የደረጃው መብራት ከሞተበት ሕንፃ ውስጥ ኮሚቴው አስተዋይ ዓይኑን የጣለው ምንም ባልተበላሸበት ክፍል ላይ መሆኑ፣ የጥገና ሥራ ያለ እንቅፋት እንዲጠናቀቅ ያለዎትን ጽኑ ፍላጎት ያሳያል። የሚጠገነው ምን እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ ብትጠይቅዎ "ሲገኝ ይነገራችኋል" ማለትዎንም ሰምተናል።

መጪው ቅዳሜ የድራማው የመጨረሻ ክፍል የሚታይበት ነው። ቴሌቪዥኑ ያለው ከውስጥ ነው።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ቀልዱን ለጥቂት መስመር ላስቀምጠው። የእህቴ ባለቤት፣ ነፍሱን ይማርና፣ ድራማውን ሲያይ ከእሷ ጋር የሚከራከርበት አንድ ነገር ነበረው። ያ ቁልፍ ጠባቂ መጨረሻ ላይ ማንም ሳያዝዘው በሩን በገዛ እጁ ይከፍታል ይል ነበር። እትዬ፣ "አንተ ደግሞ፣ ያን የመሰለ ሰው? እናትየዋ ራሷ ትሰብረዋለች እንጂ" ትለዋለች። እሱ ደግሞ፣ "ቆይ ታያለሽ፣ ያ ሰውዬ ሆዱ ደግ ነው፣ የፈራው ከላይ ያሉትን ነው" ይላታል። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ዶክተሩ ሲወጣ ጠብቆ፣ "ከፈተ?" ብሎ ጠይቋታል። ገና ነው ብትለው፣ "ይከፍታል" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

እትዬ ቅዳሜ ማየት የምትፈልገው ማን አልጋ ላይ እንደሚቀመጥ አይደለም። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ ማወቅ ትፈልጋለች። ማስታወቂያው ከወጣ ወዲህ ግን ሽርጧን ሰቅላ፣ "በኔ እንቁላል ሰው አይጣላ፤ ይቅር" ብላ ክፍሏን ዘግታለች። የጎረቤት ቴሌቪዥን ጋ ልውሰድሽ ብላት፣ "የሱ ላይ ካልሆነ አላየውም" አለችኝ። ለቅዳሜ የገዛነው እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ነው። የሚለጥ እጅ አለ፤ የሚሞላው እጅ ነው የቆመው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ጥገናው ይቀጥል፣ ኮሚቴውም ይጠናከር፣ ማስታወቂያውም በመስታወት ይለበጥ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ግን ከዚያ ዘለላ ውስጥ አንዱን ቁልፍ መርጠው አንድ ጊዜ ያዙሩልን። ከእንቁላሎቹ የትኛው ማን እንደሆነ አንናገርም፤ የበላም አይጠየቅም። ከፈለጉም ለእርስዎ ልጣጩ ያልተነሣ አንድ ለብቻው እናቀርብልዎታለን፤ ራስዎን የሚያዩበት ነገር እንዳይኖረው ዱቄት ነስንሰንበት ብሩህነቱን እንቀንሰዋለን።

ለታገሡን ትዕግሥት፣ ላሳዩን ንቃት፣ አንዲትን ኀዘንተኛ ሴት ከነትሪዋ ለመቆጣጠር ላሳለፉት ውድ ጊዜ ከልብ አመሰግናለሁ። ከደረጃው ወገብ ላይ ሆኜ፣ መብራቱ ባይኖርም እየዳበስኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የእትዬ ታናሽ እህት፣
የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣
የቤተ መንግሥቱ የልጣጭ ክፍል ኃላፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለፍኩትን እዚህ ልሙላው። እትዬ ቁልፍ ጠባቂውን ስትሠራ ትልቁን እንቁላል ትመርጥና አስኳሉን አረፋ እስኪሆን ትመታዋለች፤ ከሩቅ ሲያዩት ተራራ ያህላል፣ ሲነክሱት ግን አየር ነው። ንጉሡ በጎመን ቅጠሉ ተሸፍኖ ትሪው ጥግ ላይ ሳይነካ አድሯል። በአንድ ጉርሻ ውጠው ጣትዎን የላሱት ቁልፍ ጠባቂውን ነበር። እንግዲህ እሱን እርስዎ ስለበሉት፣ ቅዳሜ በሩን የሚከፍትልን ከእርስዎ በቀር ሌላ ሰው የለንም።