ፕላስተር የተለጠፈባት ካርድ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ከፀጉር ቤቱ፣ ከመስታወቱ ፊት

ለከንቲባዬ፣

እንዴት ነሽልኝ ልጄ? ብርዱስ፣ ሥራውስ፣ ያቺ ቀዝቃዛ ስትጠጪ የምትጠዘጥዝሽ ጥርስስ? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ የስፌት ማሽኗም እንደ እሷው ያለ ዕረፍት ይለፈልፋል።

መጀመሪያ ጽሕፈቱን ልብ ብለሽ እዪልኝ። መስመሩን ለቆ የወጣ ፊደል አለ? ካለ በራሱ ፈቃድ ነው የወጣው። ይህ የአባትሽ እጅ ነው፤ የማንም አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ትምህርት ቤት ተመላልሼ፣ ባለፈው ሳምንት ከአሥራ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣው የጋራዡ ዘበኛ ነው፤ እሱም እኔ አጠገብ ስለተቀመጠ ነው። መምህራችን ያንቺ እኩያ ናት። "አባባ፣ ወሬውን ቢቀንሱት እኮ እስካሁን ዶክተር ይሆኑ ነበር" አለችኝ። ዶክተርነቱን ትቼ ወሬውን መረጥኩ።

"ምን ማለትህ ነው አባዬ? ድሮስ ታነብ አልነበር?" ትዪኝ ይሆናል። እደርስበታለሁ። ጌም ላይስ ቢሆን ከባዱ ደረጃ መጨረሻ ላይ አይደል የሚመጣው?

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ሱቁን በጊዜ ዘግቻለሁ። ቴሌቪዥኑ እዚያው ጥግ ላይ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩም እግሩን እንዳነከሰ አለ። ወንድምሽ አዲሱን የጌም ማሽን ገዝቶልኛል፤ እግዜር ይስጠው፤ ግን የልቤን ልንገርሽ፣ አልወደድኩትም። ዘንድሮ ጌም እጫወታለሁ የሚለው ሁሉ ሲጫወት አላየውም፤ ሲጠብቅ ነው የማየው። ማሽኑን ትከፍቻለሽ፤ "ቆይ ልታደስ" ይላል። ይታደሳል። "ኢንተርኔት አምጣ" ይላል። ታመጫለሽ። ቀጥሎ ፊልም ይጀምርልሻል፤ አንድ ሽማግሌ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ለምን እንደሚያለቅስ ሳይገባኝ እኔ የሁለት ሰው ፀጉር ቆርጬ እጨርሳለሁ። የድሮው እንዲህ ነበር? ዲስኩን በሸሚዝ ጫፍ ጠረግ፣ እፍ፣ ክዳኑን ግጥም፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጎል ይገባብሽ ነበር።

"የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል እኮ!" ይሉኛል ልጆቹ። እኔ ላብ ማየት ካማረኝ ጎማ ጠጋኙ ጎረቤታችን ሲሸነፍ አያለሁ።

ደግሞ አሁን ሁሉም በየቤቱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ መልኩን ከማያውቀው ሰው ጋር ነው የሚጫወተው። ክርን ለክርን ካልተጋጩ ምኑን ተጫወቱት? የሦስት ሰው ወንበር ላይ ስድስት ሆነን የተጫወትንበት ቅዳሜ ትዝ ይልሻል? አንቺ በድብድብ ጌም ሁሉንም ቁልፍ ባንድ ላይ ስትደበድቢው፣ ወንድምሽ "ይሄ ድብድብ ሳይሆን ሊጥ ማቡካት ነው!" ይልሻል። እኔ በመኪና እሽቅድድም ወደ ኋላ እየነዳሁ "ዓለም ክብ ናት፣ ቀድሜያችሁ እደርሳለሁ!" እላለሁ። እናትሽ መርፌዋን እንደያዘች በበሩ ብቅ ትልና "አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?" ትለኛለች። "ስንተኛው ደረጃ ላይ?" እላታለሁ። ሰንበት ማለት ለእኔ ያ ነበር። አሁንም ያ ነው።

ከሁሉም የምትበልጠው ግን ያቺ የከተማ መገንቢያዋ ጌም ነበረች። እግርሽ ተሰብሮ ሰባት ወር ከአግዳሚው ያልወረድሽበት ዓመት። እግርሽን ትራስ ላይ ሰቅለሽ፣ አንቺ ከንቲባ እኔ መሐንዲስ ሆነን፣ ከባዶ ሜዳ ከተማ አቆምን። ድልድዩን ሦስት ጊዜ ጎርፍ ወሰደብን፤ በአራተኛው "አባዬ፣ ድልድዩ አይደለም ችግሩ፣ መሐንዲሱ ነው" አልሽኝ። ጌሙ ውስጥ ፀጉር ቤት የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ወንዙ ዳር ያለችውን ሰማያዊ ጣራ ያላትን ጎጆ "ይቺ የአንተ ናት" ብለሽ ሰጠሽኝ። ያቺን ጎጆ ከዚህኛው ሱቅ አስበልጬ እወዳት ነበር፤ ደንበኛ አያማርርባትም።

ከተማዋ የት እንደደረሰች ታውቂያለሽ። ወይም የምታውቂ ይመስልሻል።

አሁን ከባዱ ደረጃ መጣ። ልጄ፣ አባትሽ ማንበብ አይችልም ነበር። "መነጽሬን ረስቼ ነው፣ እስቲ አንብቢልኝ" ስልሽ የኖርኩትን ታስታውሻለሽ? ያ መነጽር በሕይወቴ ኖሮኝ አያውቅም። ደንበኞቼ ፊት ጋዜጣ ዘርግቼ የስፖርት ዜና ሳነበንብ፣ ጠዋት በሬዲዮ የሰማሁትን ነበር የምደግመው። ይህን የምታውቀው እናትሽ ብቻ ትመስለኝ ነበር፤ እሷም እንኳን ሰው ፊት ብቻችንን ሆነን አንስታብኝ አታውቅም። የሱቁ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ "የዓለም አንደኛው ፀጉር አስተካካይ ይላል" እያልኩ አሥራ አምስት ዓመት ጉራዬን ነፍቻለሁ። ማንበብ ስጀምር ወጥቼ ቀና ብዬ አየሁት፤ "ፀጉር ቤት" ነው የሚለው። በቃ፤ ሌላ የለም። ጉድ በል! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ "ውሸትህን ነው" አላለኝም።

ይህ ያስቃል። ቀጥሎ ያለው አያስቅም።

የድሮው ማሽን የተጫወትነውን የሚይዙለት ሁለት ጥቋቁር ሜሞሪ ካርዶች ነበሩት፤ መልካቸው አንድ። አንቺ በአንደኛዋ ላይ፣ ሰው ምላጭ ሲቆርጠው ከምለጥፈው ፕላስተር ቆርጠሽ ለጠፍሽና በእስክሪብቶ የሆነ ነገር ጻፍሽባት። ምን እንደጻፍሽ አልነገርሽኝም፤ ማንበብ ለሚችል ሰው ማን ይነግራል? አንድ ቅዳሜ አንቺና እናትሽ ለእግርሽ ምርመራ ሄዳችኋል። እኔ በእግር ኳሱ ጎማ ጠጋኙን አራት ለሁለት አሸነፍኩት። አራት ለሁለት! በሕይወቴ የመጀመሪያዬ። እሱ "በአጋጣሚ ነው፣ ማንም አያምንህም" እያለ እየሳቀ ወጣ። እኔም ማስረጃ ልያዝ ብዬ ሴቭ ላደርገው ተነሳሁ። ካርዷ ሞልታለች መሰለኝ፣ ማሽኑ የሆነ ጥያቄ ጠየቀኝ። ለጥያቄ ሁሉ የምጫነው አንድ ቁልፍ ነበረኝ፤ እሺ የሚለውን።

ወንድምሽ ወንበሩ ላይ ነበር። "አባዬ ቆይ! የትኛዋ ናት የተሰካችው? የተጻፈባትን አይተሃል?" አለኝ።

"አየሁ እንጂ!" አልኩት። ተጫንኩት።

በማግሥቱ ማሽኑን ከፈትሽ፤ ከተማዋ የለችም። "ማነው?" ብለሽ ጮህሽ። እኔ ለደንበኛ ምላጭ እየቀየርኩ ነበር፤ ፊትሽን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። "እኔ ነኝ፣ ማንበብ ስለማልችል ነው" ማለት ነበረብኝ። ደንበኛው ተቀምጧል፣ ተረኛው ጋዜጣ ይዟል። "ትናንት መጨረሻ የተጫወተው ወንድምሽ ነው" አልኩ። እሱ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ወደ አንቺ ዞሮ "ይቅርታ" አለሽ። "ተጽፎባት የለ እንዴ? ሰባት ወር የለፋሁበትን እኮ ነው ያጠፋኸው! ዓይንህን ማየት አልፈልግም!" አልሽው።

ልጆች ናቸው፣ ነገ ይረሱታል አልኩ። ነገር ነገርን ወለደ፤ አንድ ቃል ሌላ ቃል አመጣ። ወደ ውጭ አገር ስትሄጂ ሻንጣሽን እስከ በር ተሸከመልሽ፤ ከእጁ ነጥቀሽ መኪናው ውስጥ ገባሽ። ይኸው ስድስት ዓመት። እኔም "ግትርነታችሁ ከእናታችሁ ነው" እያልኩ እቀልዳለሁ። ግትሩ ማን እንደሆነ መስታወቱ ያውቃል።

ለምን ዛሬ? ማክሰኞ ዕለት መልእክትሽ ገባ፤ ሙሽራው ወንድምሽ እንደ ልማዱ አነበበልኝ። "ለሙሽራው እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ" ትላለች አለና ስልኩን አስቀምጦ ወጣ። ትንሽ ፈጥኖ የወጣ መሰለኝ። እኔ ደግሞ አንደኛ የወጣሁ ተማሪ ነኝ! ስልኩን አነሳሁ፤ ፊደል በፊደል እየገፋሁ ሄድኩ። የዘለለው መስመር ነበር። "እኔ ግን አልደውልለትም።" በራሴ ዓይን ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃልሽ ይህ ሆነ።

መሳቢያውን ከፍቼ ካርዷን ፈለግኋት። ፕላስተሯ ጠርዟ ጠቁሯል እንጂ አልተላቀቀችም። "የእኔና የአባዬ ከተማ። እንዳይጠፋ" ትላለች።

የእኔም ነበረች እንዴ ልጄ?

ወንድምሽን ጠርቼ "ለምን ያኔ ዝም አልክ?" አልኩት። "ምን ልበላት? አባዬ ማንበብ አይችልም ልበል? ሱቁ ሙሉ ሰው ፊት?" አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ ብለው፣ "ያለፈውን ሳምንት ጋዜጣ ይዘህ የዛሬውን ዜና ስታነብ" አለኝ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።

አሁን ለአንድ ጉረኛ ከምላስ መቆረጥ የሚከብደውን ልናገር ነው። በየሳምንቱ በስልክ የሚደርስሽ መልእክት የእኔ አይደለም። እኔ የምለው "ሰላም በላት፣ በርቺ በላት" ብቻ ነበር። የቀረውን እሱ ነው የሚጽፈው። ወንበሩ ላይ ተኝቶ ሲነቃ "ጢሜን ማን ወሰደው?" ያለው ደንበኛ ቀልድ፣ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ ያልሽበት፣ የሱ ነው። ሥራ አጥተሽ ያለቀስሽ ጊዜ የመጣልሽ ቃልስ? "ክፉ ቀን እንደ ከባድ ደረጃ ነው፤ አላልፍ ካለሽ ኮንትሮለሩን አስቀምጪና ውሃ ጠጪ፤ ደረጃው የትም አይሄድም።" "አባዬ፣ ይቺን ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኳት" ብለሽ ጻፍሽ። እሱ አነበበልኝ፤ እኔ ጺሜን እያሻሸሁ "የአባቷ ቃል ነዋ!" አልኩ። ሳቀና ፊቱን አዞረ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተጫወትሽው ከወንድምሽ ጋር ነው፤ ስሙን ሳይጽፍ።

ሠርጉ የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ነው። ነይ አልልሽም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራሽም አይለቅሽም። ደውዪለት። በእኔ ስልክ አይደለም፣ በሱ። ግድግዳሽ ላይ ያለችውን ቃል አንብቢለት፤ ሌላ ምንም ማለት አይጠበቅብሽም። እኔን ልትቆጪ ከፈለግሽ ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ፤ ስድብ ቢሆንም ራሴ አነበዋለሁ።

ካርዷን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ውስጧ ያለው አራት ለሁለት ብቻ ነው። አጥፊው፤ አልፈልገውም።

የረገጥሽው መሬት ይጽናልሽ። ስትወድቂ የሚያነሳሽ፣ ስትስቂ አብሮ የሚስቅ ሰው ፈጣሪ አያሳጣሽ። የገነባሽውን የሚያፈርስ አባት አይስጥሽ ብዬ ልመርቅሽ ነበር፤ እሱስ ረፍዷል።

ከሥራው የተባረረው መሐንዲስሽ፣
አባትሽ

ይድረስ ካልኩ በኋላ፦ ወንድምሽ አሁን ገባና "አባዬ፣ ስጠኝ፣ ስህተቱን ልልቀምልህ" አለኝ። በፎጣ ሸፈንኩት። "ስህተቱ የእኔ ነው፤ እንዳለ ይድረሳት" አልኩት። ምን እንደጻፍኩ አያውቅም። የሚያውቀው ስልኩ ሲጠራ ነው።