የሃምሳ አምስት ደቂቃ መንገድ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ጠብታውን ሰዓት ጠብቀሽ ታደርጊያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ዛሬስ ይቅርብኝ» ትያለሽ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም የሠላሳ አንድ ዓመት የመንገድ ሥራ ያተረፈልኝ ነው እንጂ ሕመም አይባልም።

የዛሬ ሳምንት ደውለሽ «ጋሼ፣ ሐኪሙ እርግጠኛ አይደለሁም ብሎኛል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንዴ ፊትህን ልየው» አልሽኝ። እኔም «ስትድኚ ታዪዋለሽ!» ብዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ከጆሮዬ አልወጣም።

በአውቶቡስ እንዳልመጣ መንገዱ ስድስት መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው። ግማሹን በገዛ እጄ ሜትር ስቤ ለክቼዋለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ መንገጫገጭ ይህ ወገብ አይችልም። የቀረው አውሮፕላን ነው። ሰኞ ሄጄ ትኬት ሻጯን ብጠይቃት «ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው፣ አባባ» አለችኝ። እኔ ግን ካርታ ላይ ክር ዘርግቼ ከአየር ማረፊያ አየር ማረፊያ ለክቼ ነበር፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር። በሰዓት አምስት መቶ ይበራል ያለችኝ ራሷ ናት። አርባ ስድስት ደቂቃ አይበቃውም? ሒሳብ ማንም አላስተማረኝም፤ ከቀያሾቹ ጀርባ ቆሜ የለቀምኩት ነው፤ ቢሆንም አልሳሳትም። «ዘጠኙን ደቂቃ የት አደረሳችሁት?» አልኳት። «አባባ፣ መንደርደር አለ፣ መውጣት አለ፣ ዞሮ መውረድ አለ፤ የተወረወረ ድንጋይ መሰለዎት?» ብላ ሳቀች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ደግሞ «መርቀውልዎት ነው፣ ይውሰዱት እንጂ!» አለኝ።

ያላየሁትን አላምንም። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት የአየር ማረፊያው አጥር ሥር ቆሜ፣ ጎማው መሬት ሲለቅ ሰዓቴን ያዝኩ። ልጅሽ ደግሞ በናንተ በኩል ቆማ ሲያርፍ ደወለችልኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ያልኳት እኔ ነኝና የት እንደምትሄድ ብትዋሽሽ አትቆጫት። ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ አራት ደቂቃ ሆነ። ትኬት ሻጯ አልዋሸችም።

በሦስተኛው ቀን ልጅሽ «አጎቴ፣ አሁንስ ምን ቀረ?» አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሒሳቡ ሰበብ ነበር። ፈርቼ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ መሬት ስለካ ኖሬ እግሬ ከመሬት ሲለቅ አልታይ አለኝ። በዚህ ሽበት ፈራሁ ማለት አሳፍሮኝ አንቺ ላይ ጮኽኩ። ይቅር በይኝ። ይህን ቃል ከአፌ ሰምተሽ ስለማታውቂ በጽሑፍ ያዢው።

ትኬቱን ቆርጫለሁ። ደብዳቤውን ነገ ንጋት ለሚነሣው የአውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ማክሰኞ ማታ ይደርስሻል። እኔ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ እናንተ ዘንድ ነኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ዳማውን ያዘጋጅ፣ ባለፈው ያሸነፈኝ አጭበርብሮ ነው። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ሰዓት አያያዟ ከብዙ ቀያሽ ይሻላል። አንቺ ግን መውጫው በር ፊት ለፊት ቁሚ። ዓርብ ሐኪሙ እስኪጠራሽ ድረስ አንድ ሙሉ ቀን አለን፤ ፊቴን እስክትጠግቢ እዪው። አርጅቷል፤ ግን አላዞርብሽም።

ታላቅ ወንድምሽ
ከአሮጌው ቤታችን በረንዳ
እሑድ፣ የካቲት ፱ ቀን