ዘንጉን ያበላሸው ዓይንህ አይደለም

ወንድም ጋሼ፣

ብረት የምትቆርጥበትን ቶርኖ የሚገዛው ሰውዬ ስምንት ሰዓት ላይ ሲመጣ በር አትክፈትለት። መጀመሪያ ይህን ጨርሰህ አንብብ።

ሰኞ ለወፍጮ ቤቱ የሠራኸው ዘንግ አንድ ጫፉ ቀጥኖ ተመለሰብህ። "እህቴ፣ ዓይኔ ከዳኝ፤ ከእንግዲህ ብረት አልቆርጥም" ብለህ መነጽርህን መሳቢያ ውስጥ ከተትክ።

እሑድ አንተ ሳትኖር ብረት አሹሎ የሚያስቆርጠውን ማሾያ ከቶርኖው ጀርባ ገጥሜ ለመሰርሰሪያው ሾጣጣ እግር አውጥቼበት ነበር። ስጨርስ ሳልፈታው ተውኩት። ከኋላ ስለሆነ አላየኸውም። አንተ ስለቱን ቀጥ አድርገህ ስትነዳ፣ ያ የማሾያው ዘንበል ያለ ሐዲድ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይጎትትብህ ነበር።

አሁን ፈትቼዋለሁ፤ ያኔ ያላላሁትን የስለቱን መንጃ ብሎንም ወደ ቦታው መልሼ አጥብቄያለሁ። እኔን ግን አትመን። ቁራጭ ብረት አስገብተህ ላጠው፣ ሁለቱንም ጫፍ በካሊፐር ለካ። እኩል ይመጣል።

አንድ ቀን እንኳ "ነይ፣ ሞክሪ" ብለኸኝ ቢሆን ተደብቄ ባልነካሁት።
ይሄ ሰበብ እንደማይሆነኝ አውቃለሁ። አራት ቀን ሙሉ እጅህን አጣጥፈህ ስትቀመጥ እያየሁ እውነቱን አልነገርኩህም።

ወፍጮ ቤት ሄጃለሁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለባለቤቱ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ።

ስመለስ የፈለግከውን በለኝ፤ ብትቆጣም እችለዋለሁ።
ብቻ አንተም እንደኔ ዝም አትበል።

እህትህ