ከሞትክ በኋላ ያገባሃቸው አሥራ አንድ ጎሎች

ውድ ዋቁማ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የሰው ጤና ይጠየቃል። ያንተን ጤና ብጠይቅ ማሾፍ ይሆንብኛል፤ ሳጥንህን ኤርፖርት ድረስ ወስጄ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። እንግዲያው የራሴን ነግሬህ ልለፍ። ጉልበቴ ይዞኛል፣ ስኳር አለብህ ይሉኛል፣ ባለቤቴ እህተማርያም ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አሁንም ሪችፊልድ እዚያው አፓርታማ ውስጥ ነኝ። ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ፤ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳትን ፊደል ይዤ እዚህ ደርሻለሁ። "እርስዎ ይናገሩ፣ እኛ እንጽፍልዎታለን" ያሉኝ ነበሩ። እንቢ አልኩ። ይሄ በሰው እጅ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ክለባችን ዋንዛ ዘንድሮ ሃያ አምስት ዓመት ሞላው። በል ሳቅ! አሥራ ሦስት ሰውና አንድ ኳስ ሆነን፣ ክሪስታል ከተማ ካለው መናፈሻ ላይ የዝይ ኩስ በአካፋ እየጠረግን ስንጀምር ዓመት ይዘልቃል ያለ ሰው አልነበረም። አንተ የኦሮምኛ ስም ይውጣለት ስትል፣ እኔ ያማርኛ ካልሆነ ብዬ፣ አንድ ወር ተኳርፈን፣ በመጨረሻ ያንተም የኔም አገር የሚያበቅለው ዛፍ ይሁን ብለን ታረቅን። የመጀመሪያውን ጨዋታ ዘጠኝ ለባዶ ተሸነፍን። አንገታችንን ደፍተን ቫን ውስጥ ስንገባ "ዘጠኝ ብቻ ነው እንዴ? እኔ እኮ አሥራ ሁለት መስሎኝ ነበር" ያልከው እስካሁን ይወራል።

ለበዓሉ የክለቡ ታሪክ በመጽሐፍ ይውጣ ተባለ። ሊቀመንበሩ ገመቺስ ይባላል፤ እዚሁ ያደገ፣ ሥርዓት ያለው ጎበዝ ነው። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ድምፄን ቀዳ። "ጋሼ በሪሁን፣ ከመሥራቾቹ ሚኒሶታ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት" አለኝ። ኮራሁ። ስለ ዘጠኙ ጎል አጫወትኩት። 1999 ላይ ስደርስ "በዚያ ዓመት ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን አለፍን፣ ዋንጫም በላን" ብዬ ዘጋሁት።

እሱ ግን አልዘጋውም። ከሊጉ የድሮ ጸሐፊ ቤት አንድ ካርቶን ሙሉ የጨዋታ ወረቀት አገኘ፤ ማን እንደተሰለፈ፣ ማን እንዳገባ የተጻፈበት። እያንዳንዱን ፎቶ እያነሳ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ከላይ ያንተን ፎቶ አድርጎ "የዋንዛ የምንጊዜም ጎል አግቢ፦ ዋቁማ፣ 34 ጎል" ብሎ ጻፈ። ልጁ ምን ያውቃል? አንተ ስትሞት እሱ ገና መዋዕለ ሕፃናት ነበር።

የሞትከው ፌብሩዋሪ ላይ ነው፤ ከኩን ራፒድስ ከሥራ ስትመለስ መኪናህ በረዶ ላይ ተንሸራታ። ከሠላሳ አራቱ ጎል አሥራ አንዱ የተቆጠረው በዚያው ዓመት ከሜይ እስከ ኦገስት ነው።

ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የነርሲንግ ሆም ዩኒፎርም የለበሰች ረጅም ልጅ ቆማለች። ግንባሯን ሳይ ስሟን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"ጋሼ በሪሁን? ዱረቲ ዋቁማ ነኝ።"

"ግቢ ልጄ። መቼ መጣሽ?"

"ዲቪ ደርሶኝ፣ ሁለት ዓመቴ ነው።"

ሻይ ላፍላ ብላት አልተቀመጠችም። ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"አባቴ የት ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ፌብሩዋሪ ሞተ ተብለን ነው የቀበርነው። እዚህ ላይ ጁን ስድስት ሁለት ጎል አግብቷል።"

"ስህተት ነው" አልኳት። "ፈረንጅ የኛን ስም ሲጽፍ ያደባልቃል።"

"አሥራ አንድ ጊዜ፣ ጋሼ?"

"አዎ፣ አሥራ አንድ ጊዜ!" ብዬ ጮኽኩባት።

አልደነገጠችም። ያንተው ልጅ ናት። "እናቴ ፊቱን አላየችም" አለችኝ። "ሳጥኑ አይከፈትም ተባለ። እሷ እየለመነች፣ ሽማግሌዎች ይዘዋት፣ እንደተዘጋ ተቀበረ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ 'ማንን እንደቀበርኩ አላውቅም' ስትል ኖረች። እኔ ደግሞ ይሄን ፎቶ በሞኝነቴ ላኩላት። አሁን ቤቱን ኖራ አስቀብታለች። አልጋ አሠርታለች። ጉደር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መንገድ ትወጣለች። ጋሼ፣ ሌላ ሴት አግብቶም ከሆነ ይንገሩኝ። ታስሮም ከሆነ። አልቆጣም።"

"አላውቅም" አልኳት። በሩን እኔው ከፈትኩላት።

ከሄደች በኋላ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ዋቁማ፣ አንተ ያላየኸውን አሁን ልንገርህ።

ዳኛውን ገፍትሬ አንድ ዓመት መቀጣቴን ታውቃለህ። ይቅርታ ከጻፈ ሦስት ጨዋታ ይበቃዋል ብለው ነበር። "ሁለት መስመር ናት፣ እኔ እጽፍልሃለሁ፣ አንተ ፈርም" አልከኝ። "ይቅርታ ከምጽፍ እግሬ ይቆረጥ" አልኩህ። የመጨረሻ ጭቅጭቃችን ያ ነበር።

አንተን ከሸኘንህ በኋላ፣ ኤፕሪል ላይ፣ የዓመቱ የተጫዋች ካርዶች በፖስታ መጡ። ስም ዝርዝሩን የላክነው ከፈረንጅ ገና በፊት ስለነበር ያንተም አብሮ መጣ፤ ፕላስቲክ የለበሰ፣ አዲስ፣ እየሳቅህ። የኔ የለም። ካርድ ያለው አሥር ሰው ብቻ ነበር፤ አሥራ አንድ አንሞላም። ካርድህን ከጠረጴዛ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። "ለአንድ እሁድ ነው" አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ማንም ተው አላለኝም።

የዚያ እሁድ ዳኛው ካርድ ይዞ ስም ይጠራል። ያንተን እንደ ምንም ሰባብሮ ጠራው። "ሂር" አልኩ። ካርዱን አየ፣ እኔን አየ። አንተ ትስቃለህ፤ እኔ መቼ ስቄ አውቃለሁ? "ስማይል" አለኝ። ሦስት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላህ፣ ባንተ ስም ጥርሴን አሳየሁት። "ኦኬ" ብሎ አለፈ።

ሜዳ ውስጥ በስሜ ቢጠሩኝ ይነቃብናል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው ይጫወቱ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ይመስል። በሁለተኛው ሳምንት ሆርዶፋ፣ በረኛው፣ ኳስ ሲወረውርልኝ "ዋቁማ!" ብሎ ጮኸ። ሁሉም ባለበት ቆመ። ለማታለል የተጠራ አልነበረም፤ ናፍቆት ነው የጠራህ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከተሉት። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ይጠሩህ ነበር። እኔም እዞር ነበር።

ጎሎቹስ? ግራ እግሬ መሬት ከመርገጥ ሌላ ሥራ እንዳልነበረው ታውቃለህ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙን በግራ ነው ያገባሁት። እንዴት ብለህ አትጠይቀኝ። አንድ ቀን ኳሷ ስትመጣ ለሌላ ልተዋት እያሰብኩ እግሬ ቀድሞኝ መታት። ጨዋታው ሲያልቅ ጫማዬን ማውለቅ ፈራሁ።

ቤት ስገባ እህተማርያም "በሪሁን" ትለኛለች፤ ሁለቴ ሦስቴ ካልደገመችው አልሰማትም። አንድ ቀን ማልያውን ከልብስ ማጠቢያው አውጥታ፣ እንደረጠበ ጭኔ ላይ ጣለችው።

"ሰውየው ይረፍ እንጂ! እሁድ እሁድ እየቀሰቀሳችሁ ታሮጡታላችሁ?"

"ዋንጫውን እንብላና ይረፍ" አልኳት።

በላነው። ተሸክመውኝ ስምህን እየጠሩ ሜዳውን ሲዞሩ፣ እሷ ከዳር ቆማ ነበር፤ ፊቷን አዙራ ወደ መኪናው ሄደች። ዳግመኛ ጨዋታ አልመጣችም። ሊወስዳት በነበረው በሽታ ላይ ሆና "ለሚስቱ ንገራት፣ ይቅር ትበልህ" ብላኝ ነበር። "ያለፈ ነገር ምን ይነገራል?" አልኳት። አላለፈም ኖሯል።

ዱረቲ በመጣች በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ሄጄ ይሄንኑ ተናገርኩ። ገመቺስ ጭንቅላቱን ያዘ።

"ጋሼ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል እኮ። አሁን ማንም ኬር አያደርግም። ፖስቱን ዲሊት አድርገን ዝም እንበል።"

"ብታጠፋው ጉደር ያለችው ሴትዮ ደበቁት ነው የምትለው።"

መጽሐፉን የምታሰናዳው ልጅ፣ ኢየሩሳሌም፣ ቀስ ብላ "ዋንጫውስ፣ ጋሼ? ክለቡ ያለው አንድ ዋንጫ እኮ ነው። ሽፋኑ ላይ አድርገነዋል" አለችኝ።

"ከሽፋኑ አውርዱት።"

"የርስዎስ ስም? ሰው ምን ይላል?"

"በሪሁን ሌባ ነው ይላል። ውሸት ነው እንዴ?"

የሳቀ የለም። ገመቺስ እኔ እያየሁት ጻፈው። ዋቁማ ሃያ ሦስት ጎል፣ ያረፈው ፌብሩዋሪ 1999። አሥራ አንዱን ያገባው በሪሁን፣ በሟች ካርድ። አንብብልኝ አልኩት፤ አነበበልኝ። አንገቴን ሳልደፋ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን የቁልፉ ማስገቢያ አልታይ አለኝ።

መጽሐፍ ለባለቤትህ ለፈነት ምኗ ነው? ዱረቲን ጠርቼ ላንተ የነገርኩህን ሁሉ ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እዚያው ሶፋዬ ላይ ሆና ለእናቷ ደወለች። እሁድ ጠዋት ነበር። በኦሮምኛ ጥቂት ተናግራ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "አማርኛ ትሰማለች" አለችኝ።

"ፈነት፣ በሪሁን ነኝ። የዋቁማ ጓደኛ።"

"ኦቦ በሪሁን፣ አውቅሃለሁ። ይጽፍልኝ ነበር። ግትር ነው ይልሃል።"

"ነኝ።"

"የታለ እሱ?"

"ሞቷል፣ ፈነት። በካርዱ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ስሙን ሰርቄ ነው።"

ከኋላዋ ዶሮ ይሰማል።

"አንተ ፊቱን አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"በዓይንህ?"

"በዓይኔ። ሬሳ የሚዘጋጅበት ፊውነራል ሆም የገባሁት እኔ ነኝ። ያለበስኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ንገረኝ። ምንም አታስቀርብኝ።"

ነገርኳት። ግንባርህ በአንድ በኩል መሰንጠቁን፣ የቀረው ፊትህ ግን ደህና እንደነበር። ጢምህ አድጎ ስለነበር በራሴ ምላጭ እንደላጨሁህ። ነጭ ሸሚዝ እንዳለበስኩህ፤ ክራባት ማሰር ስለማልችል ሆርዶፋ በራሱ አንገት አስሮ፣ አውልቆ እንደሰጠኝ። ጣቶችህ አልታጠፍ ብለውኝ ብዙ እንደቆየሁ። ጆሮህ ሥር ያለችውን የእሳት ጠባሳ ስነግራት አቋረጠችኝ።

"የቱ ጆሮ?"

"የቀኙ።"

ያኔ ጮኸች። ሬሳ ከቤት ሲወጣ የሚጮኸው ነው፣ ዋቁማ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልወጣላት ነው። በር ሲከፈት ሰማሁ፣ የሴቶች ድምፅ መጣ፣ የሰው እግር መጣ። ዱረቲ ስልኩን እያየች ትተረጉምልኛለች። "ማነው የሞተው እያሉ ነው" አለችኝ። ከዚያ "ባሌ ነው፣ ዛሬ ተረዳሁ እያለች ነው" አለችኝ።

ተነስቼ ቆምኩ። ስልኩ እስኪዘጋ አልተቀመጥኩም። የእህተማርያምን ነጠላ ከቁም ሳጥን አውጥቼ ለዱረቲ ሰጠኋት፤ አዘቅዝቃ ለበሰች። "ሁለት ሰዓት ላይ ሺፍት አለኝ" አለች እንደ ሕፃን። "የለሽም። አባትሽ ሞቶብሻል" አልኳት። ለገመቺስ ደወልኩለት። የክለቡን ታጣፊ ወንበሮች ጭኖ፣ ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ሦስት ቀን እዚህ አፓርታማ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥንልህ። በሕይወት ያላዩህ የዋንዛ ልጆች ከነማልያቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ፈነት ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ሻክሯል። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም።

"ሃያ ሦስት አግብቷል አሉኝ። እነሱን ንገረኝ፣ እንዴት እንደገቡ፣ አንድ በአንድ። የሱን ብቻ። ያንተን መስማት አልፈልግም።"

እሁድ እነግርሻለሁ ብያታለሁ። ወረቀቱ ቀኑን እንጂ ኳሷ እንዴት እንደገባች አይናገርም፤ ያን የማውቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው። በዝናብ ያገባሃትን፣ ጫማህ አብሯት መረብ የገባባትን፣ ሠላሳ እርምጃ ርቀህ መትተህ ራስህ ያላመንካትን። ሃያ አንዷን አገኘሁ። ሁለቱ ጠፉብኝ። ሆርዶፋ ቢኖር ያስታውስ ነበር፣ እሱም የለም።

እንዲህ ነበሩ ብዬ ሁለት ጎል መፍጠር አያቅተኝም፤ እሷም አታውቅብኝም። ግን ከእንግዲህ ከኔ ላይ ቆርሼ ያንተን አልሞላም። እሁድ ሃያ አንዷን እነግራትና ሁለቱ ጠፍተውብኛል እላታለሁ።

ልጅህን እኔ አለሁላት። አፈሩን ያቅልልህ።

በሪሁን
ሪችፊልድ፣ 2018