በ«ጃ» እና በ«ድ» መካከል ስለ ጠፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት

ለተከበሩ የኮሌጁ የቀደመ ትምህርት መዛኝ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ የኮሚቴዎ አባላትም፣ ማመልከቻዬ ለሰባት ወር የተኛበት መሳቢያም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአዋላጅነት ስሠራ ኖሬ፣ በአርባ አራት ዓመቴ ከልጄ እኩዮች ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንደኛ ዓመት እማራለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ፤ ያ ከእኔ አቅም በላይ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ኮሌጅዎ፣ ቀድሞ የተማረ ሰው ያንኑ ኮርስ ድጋሚ እንዳይማር ክሬዲቱ ይያዝለታል ብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፏል። እኔም የተጻፈ ሁሉ እውነት መስሎኝ የዲፕሎማ ትራንስክሪፕቴን አስገባሁ። አምስት ኮርሶች ቢያዙልኝ የሦስት ዓመቱን ዲግሪ በዚህ ዓመት ማብቂያ እጨርሳለሁ፤ ካልተያዙልኝ ሁለት ዓመት ይጨመርብኛል። የምሠራበት ሆስፒታል ደግሞ ከመጪው ዓመት ጀምሮ የማዋለጃ ክፍሉን ኃላፊነት ዲግሪ ለሌለው ሰው እንደማይሰጥ በደብዳቤ አሳውቆኛል። ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ። አምስቱ ኮርሶች ካልተያዙልኝ አልመራውም።

አንደኛ፣ ለፊደል ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በትራንስክሪፕቴ ላይ ያለው የኮርስ ስም «የማዋለጃ ትምህርት» ሲሆን የእናንተው «የማዋለድ ትምህርት» ነው። እኔ መሃይሟ ሁለቱ አንድ መስለውኝ ነበር። እርስዎ ግን መነጽርዎን ወደ አፍንጫዎ ጫፍ አውርደው፣ «ማዋለጃ ማለት ክፍሉ ወይም ዕቃው ነው፤ ማዋለድ ሥራው ነው። አንቺ የተማርሽው ስለ ዕቃው ነው» ብለው አስተማሩኝ። «አንቺ» ብለው ወጣትነቴን ስለመለሱልኝም አመሰግናለሁ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አልጋና ስለ መቀስ ስማር ኖሬያለሁ! በእጄ የተወለዱት ሕፃናትም መቀሱን አይተው በገዛ ፈቃዳቸው የወጡ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛ፣ የቀድሞው ትምህርት ቤቴ የኮርሱን ዝርዝር ይዘት በማኅተም አስደግፎ እንዲጽፍልኝ አዘዙኝ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ይህንንም ነግሬዎ ነበር። ቢሆንም ትእዛዝ ነውና ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሄድኩ። ሕንፃው አሁን የቤት ዕቃ መሸጫ ነው። ባለ መደብሩ ከእናንተ ቢሮ በተለየ መልኩ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ችግሬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣ የኮርስ ዝርዝር ባይኖረውም የቁም ሳጥን ዝርዝር ሰጠኝ። የተማርኩት ስለ ዕቃ ነው ስለተባለ እሱኑ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ወር የዚሁ የማዋለድ ትምህርት አጋማሽ ፈተና በተሰጠበት ጠዋት፣ መንታ የወለደች እናት ደም አልቆምላት አለ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ነበር። እጄን ከእሷ ላይ ባነሳ ትሞታለች፤ ስለዚህ አላነሳሁም። እሷ ተረፈች፣ እኔ ዜሮ አገኘሁ። ፈተናው ይደገምልኝ ብዬ ስጠይቅ ጸሐፊዎ የሕመም ፈቃድ እንዳመጣ ነገረችኝ። የታመምኩት እኔ አይደለሁም ብላት፣ እንግዲያው ምክንያቱ በደንቡ ውስጥ የለም አለች። ስታዋልድ ከማዋለድ ፈተና የቀረች ሴት በደንባችሁ ውስጥ ቦታ እንደሌላት በዚሁ ተረዳሁ።

ታናሽ እህቴ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፣ ተይው ትለኛለች። ልክ ነች። ግን ተናድጃለሁ፤ የሰው ዕድሜ በአንዲት ፊደል ተሰርዞ ሳይ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በተረፈ፣ ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የእኔን ጊዜ እንዴት እንዳጠፉት ግን እንዳልረሳሁ እየገለጽኩ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሳለሁ።

በኮሚቴዎ ውሳኔ መሠረት የአልጋና የመቀስ ባለሙያ፣
የአንደኛ ዓመት ተማሪዎ

ማስታወሻ፦ ኮሌጅዎ በዚህ ሳምንት ለማዋለጃ ክፍላችን የትብብር ደብዳቤ ልኳል። የማዋለድ ትምህርት ተማሪዎቹን በተግባር የምታሠለጥን «የረጅም ጊዜ ልምድ ያላት ባለሙያ» እንድንመድብለት ይጠይቃል። ከእኔ በቀር ሰው ስለሌለ በደስታ ተቀብያለሁ። በቅጹ ላይ በአሠልጣኝ ረድፍ ስሜን ጻፍኩ፤ በሠልጣኞች ዝርዝር ውስጥም አሥራ አራተኛው ተራ ላይ ስሜን አገኘሁት። ሥልጠናውን ግን መስጠት የምችለው እስከዚህ ዓመት ማብቂያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉን የሚረከበው ሰው የሚጠየቀው ዲግሪ እንጂ ምጥ አይቶ እንደሆነ ስላልሆነ፣ ደም አልቆም ሲል እጅ የት እንደሚደረግ ለተማሪዎችዎ ማን እንደሚያሳያቸው ከወዲሁ ቢያስቡበት።